ድመት ይዞ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና እንዴት ይኬዳል

«ድመት ቤት እንጂ ሰው አትወድም ልጄ፣ እዚሁ ተዋት» አሉኝ አከራዬ ዕቃ ስጭን እያዩ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ማዳበሪያ ይዘው መጡ፣ እዚህ ውስጥ ክተታትና አፉን በሲባጎ እሰረው ብለው። ማዳበሪያውን አልተቀበልኩም ግን ያሉት ነገር ግማሹ ልክ ነው። ድመት ቦታ ነው ምትወደው። መኪና ውስጥ ምትጮኸው፣ ምታለከልከው፣ ጭናችሁ ላይ ምትሸናው የራሷ ሽታ ያለበት ቦታ ስላጣች ነው፣ ስለዚ ሥራችሁ በሙሉ ቤቷን ከሷ ጋ መጫን ነው፣ ቤቷ ማለት ደግሞ አንድ ሳጥን።

እኔ ከውሮ ጋ (አዎ ስሟ ውሮ ነው፣ ስም ማውጣት ላይ ጎበዝ አይደለሁም) ይሄን መንገድ ሁለቴ ሄጄዋለሁ። የመጀመሪያው በፓስታ ካርቶን ነበር፣ መተሐራ ሳንደርስ የካርቶኑን ታች በሽንቷ አራሰችውና ቀዳ ወጣች፣ ወጥታ የት ገባች መሰላችሁ፣ ፍሬን መርገጫው ስር። ልረግጥ ስል ጭንቅላቷ አለ፣ ከኋላዬ ሲኖ እየመጣ ነው፣ በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት። በሁለተኛው ጉዞ ከሞጆ እስከ አዋሽ ተኝታ ሄደች። ድመቷ ያው ናት መኪናዋም ያቺው ቪትዝ ናት፣ የተለየው ነገር ሶስት ሳምንት ዝግጅት ነው።

ሳጥኑን ከሶስት ሳምንት በፊት አምጡት

ሳጥን ስል ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በሩ ፍርግርግ የሆነ፣ ቢቻል ከላይም ሚከፈት ማለቴ ነው። ልኩ ቆማ መዞርና ተጠቅልላ መተኛት ምትችልበት ያህል ይሁን፣ በጣም ሰፊ ከሆነ ኩርባ ላይ ከጥግ ጥግ ያላጋታል። ቴሌግራም ላይ ይሸጣል፣ ከሀገር ሚለቅ ፈረንጅ ጋ ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ካጣችሁ የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥሙና ዙሪያውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አርጋችሁ እሰሩ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሚፈታ አርጉት፣ አያምርም ግን አየር አለው አትቀደውም።

ከዛ በሩን ከፍታችሁ ሁሌ ምትተኛበት ጥግ አስቀምጡት፣ ውስጡ ምትተኛበትን አሮጌ ሹራብ ወይ ጋቢ አንጥፉ፣ ሳይታጠብ፣ አደራ እንዳታጥቡት። ምግቧን መጀመሪያ በሩ ጋ፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ በሩ ውስጥ፣ ከዛ መጨረሻው ድረስ ገፋ እያረጋችሁ። አትያዟት አትግፏት። አንድ ቀን ራሷ ገብታ ተኝታ ታገኟታላችሁ፣ ያን ቀን ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው። ከዛ በኋላ እየበላች በሩን ለአንድ ደቂቃ ዝጉት፣ ለአምስት፣ ለአስር፣ እንደዛ እያላችሁ።

ይሄን ስትለምድ ወደ መኪናው ውሰዷት። መጀመሪያ ሞተር ሳይነሳ ቁጭ በሉ፣ በሚቀጥለው ሞተር አስነስታችሁ፣ ከዛ ሰፈር ዙሩ፣ ከዛ 20 ደቂቃ ገደማ ሂዱና ተመለሱ። በሶስተኛው ወይ በአራተኛው አካባቢ ጩኸቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ምራቋ ከተዝረከረከ ወይ ካስታወከች መኪና ያመማታል ማለት ነው፣ ይሄን አሁን ማወቃችሁ በጣም ጥሩ ነው ምክንያቱም የጨርጨር ተራራ ኩርባ ላይ ማወቅ አትፈልጉም።

ሐኪም ጋ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበች ከጉዞው ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት አስከትቧት፣ በሽታው ስሙ የውሻ ነው እንጂ ድመትንም ይይዛታል ሰውም ላይ ታስተላልፋለች፣ እድሜዋ ግን ሶስት ወር የሞላ መሆን አለበት። ካርዱን መኪና ውስጥ ያዙ። መኪና ሚያማት ከሆነ ማስታወክ ሚያቆም መድኃኒት አለ፣ በጣም ለምትፈራ ደግሞ ሐኪሙ ጋባፔንቲን ሚባል ማረጋጊያ ሊያዝላት ይችላል፣ ጉዞው ከመጀመሩ ከሁለት ሶስት ሰዓት በፊት ነው ሚሰጠው፣ ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክሩት፣ ምን እንደሚያረጋት ሳታውቁ መንገድ ላይ አይጀመርም። ልኩን ሐኪሙ ይወስን፣ ከሰው ፋርማሲ በግምት እየቆረሱ መስጠት የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙኝ፣ ፓራሲታሞል። «ትንሽ አሟታል ግማሽ ፍሬ ስጧት» ሚል ሰው አይጠፋም። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፣ ጉበቷ ሊፈጨው አይችልም፣ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

መንገድ ላይ ብትታመም የት ልሂድ ለምትሉ፣ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ወደ ድሬ ጫፍ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከመሀል ግን ብዙ አትጠብቁ፣ ያለው የከብትና የግመል ባለሙያ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ያለው ማታ

ማታ ሁሌ ምትበላውን አብሉ። ከዛ በኋላ ጠዋት ምግብ የለም፣ ቢያንስ ከሶስት አራት ሰዓት በፊት ሆዷ ባዶ ይሁን፣ ውሃ ግን አይከለከልም። ወተት የለም! እኛ ሀገር ድመት ማለት ወተት ነው ግን ብዙ አዋቂ ድመቶችን ወተት ያስቀምጣቸዋል፣ ተቅማጥ የያዛት ድመት ይዞ 500 ኪሎ ሜትር፣ በቃ አስቡት። ለመንገድ የለመደችውን ነው ሚያዘው፣ ሳንባ ከሆነ ምትበላው ሳንባ ቀቅላችሁ በበረዶ ዕቃ፣ ለጉዞው ክብር ብላችሁ አዲስ የታሸገ ምግብ አትግዙላት።

ዕቃ ስትጭኑ እሷን አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት፣ ሻወር ቤትም ይሆናል። ድመት ሚጠፋው መንገድ ላይ አይደለም በብዛት፣ የግቢው በር ተከፍቶ አልጋ ሲወጣ ነው ሚጠፋው፣ ከዛ ሰው ሁሉ መኪና ተነስቶ «ውሮ ውሮ» እያለ ጣሪያ ለጣሪያ ይዞራል።

ሚያዘው ዕቃ፦ ሳጥኑ፣ ሁለት ትርፍ ጨርቅ (አንዱ የሷ ሽታ ያለበት)፣ ለሽንቷ ሚሆን ዝቅ ያለ ሳፋና ከቤት የለመደችው አሸዋ ወይ ሰጋቱራ፣ የውሃ ሳህን፣ ፌስታል በብዛት፣ ሶፍት፣ ሳጥኑን ሚሸፍን ሳሳ ያለ ነጠላ፣ የደረት ማሰሪያና ገመድ፣ ክትባት ካርድ። አንገቷ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ነገር እሰሩ።

ሳጥኑ የት ይቀመጣል

ከፊት ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ፣ ወንበሩን ወደኋላ ገፍታችሁ ግጥም አርጉት። ይሄ ነው ምርጡ ቦታ። ካልገባ የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ እሰሩት። የፊት ወንበር ላይ አይደለም ኤርባግ አለ፣ ጭን ላይ ደግሞ ጭራሽ። «እኔ እይዛታለሁ» ሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፣ ከአዋሽ በኋላ ግመል መንገድ መሀል ቆሞ ድንገት ፍሬን ስትይዙ ያ ሰው ድመቷን አይይዛትም፣ ጥፍሯ ነው እሱን ሚይዘው።

ነጠላውን ከላይ ጣል አርጉበት፣ በሩ በኩል ግን ክፍት ይሁን። ጨለም ሲል ይረጋጋሉ። ዘፈን ካለ ዝቅ አርጉት።

መንገዱ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ውጡ። ምክንያቱ ትራፊክ ብቻ አይደለም፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2300 ሜትር በላይ ናት፣ አዋሽ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1000 ሜትር አካባቢ ወርዷል፣ ብርድ ለብሳችሁ ተነስታችሁ ምድጃ ውስጥ ነው ምትገቡት። ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው፣ 11 ሰዓት ከወጣችሁ ፀሐዩ ሳይከር ሶስት ሰዓት ተኩል አካባቢ መተሐራንና አዋሽን ታልፋላችሁ። ረፋዱ ላይ ከተነሳችሁ ቀትር ላይ የበሰቃ ሐይቅ ዳር እየተጠበሳችሁ ነው።

እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስለሆነ ምንም የለውም፣ ብትጮህም ተዋት፣ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ሁሉም ይጮሃሉ። ስትጮህ ደጋግማችሁ እያወራችሁ በሩን ምትነካኩ ከሆነ ግን ጩኸት በር እንደሚያስከፍት ታስተምሯታላችሁ። ከአዳማ እስከ አዋሽ የጅቡቲ ከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ክላክሱ አደገኛ ነው፣ መስኮት ዝጉ። አዋሽ ላይ የጅቡቲው መኪና በሚሌ በኩል ስለሚገነጠል ከዛ በኋላ ትንሽ ጸጥ ይላል፣ በከብትና በግመል ይተካል እንጂ።

ከሚኤሶ በኋላ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ እያለ ሚሄደው የጨርጨር ተራራ ነው። እዚህ ነው ሚያስታውካቸው። ቀስ በሉ፣ ኩርባው ውስጥ ገብታችሁ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ መስኮት ገርበብ አርጉ። ቁልቢ ስትደርሱ እንደገና 2400 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ ብርድ ነው፣ ከደንገጎ ደግሞ በጥምዝምዝ ቁልቁል ወደ 1200 ሜትር ድሬ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን ግን አትሞክሩት፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ መንገዱ በመኪናና በእግር ተጓዥ ሙሉ ነው፣ ሰዓታት ቆማችሁ ልትውሉ ትችላላችሁ።

ፍተሻ ላይ «ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው» መባሉ አይቀርም፣ በተለይ ስትመለሱ አዋሽ ላይ፣ ጉምሩክ ነው ሁሉን ነገር ያያል። ነጠላውን ገልጣችሁ በፍርግርጉ አሳዩ። የግድ ክፈት ካሉ የመኪናውን በርና መስኮት ሁሉ ዝጉና ውስጥ ሆናችሁ ክፈቱ። እኔን አንዱ ፈታሽ አይቶ «ይቺ አይጥ ትይዛለች?» አለኝ፣ ትይዛለች አልኩት፣ አትይዝም ግን።

ሁለት ሁለት ሰዓት ተኩል እያላችሁ ጥላ ስር ቁሙ። በር ሁሉ ተዘግቶ፣ ውሃ ስጧት፣ ሳፋውን አቅርቡላት። ብዙ ጊዜ እምቢ ትላለች፣ አትጨነቁ፣ ድመት ግማሽ ቀን ልትይዘው ትችላለች። ወንድ ድመት ግን አንድ ቀን ሙሉ ጠብ ካላለው ሐኪም ነው፣ ያ ቀልድ አይደለም። የደረት ማሰሪያው ሳጥኑ ውስጥ እያለች ጀምሮ ታስሮላት ይቆይ፣ ወጥታ ነው ምናስረው አይባልም።

ሙቀት

ኤሲ ካለ አብሩት፣ ንፋሱ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ እንዳይመጣ። ከሌለ እርጥብ ጨርቅ ሳጥኑ ጎን ላይ፣ በፌስታል የተጠቀለለ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በአንድ ጥግ፣ ከፈለገች ትጠጋዋለች። ድመት አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ማለክለክ ከጀመረች ያ የድካም ምልክት አይደለም፣ ወይ በጣም ፈርታለች ወይ ሙቀቱ እየገደላት ነው፣ ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ጆሮዋንና መዳፏን በውሃ አርጥቡ፣ በረዶ ውሃ አትድፉባት።

ምሳ ልንበላ ብሎ መኪና ውስጥ ዘግቶ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ውጪ 24 ዲግሪ ሆኖ እንኳን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በ30 ደቂቃ 43 አካባቢ ይደርሳል፣ ይሄ ደግሞ ለአዲሳባ ፀሐይ ነው፣ መተሐራ ቀትር ላይ ያለውን ራሳችሁ አስሉት። ተራ በተራ ብሉ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሳጥኑን ይዛችሁ ግቡ፣ ሰው ያያችኋል፣ ይይ።

ማደር ካለ

በአንድ ቀን ከከበዳችሁ ጭሮ እደሩ፣ ከአዋሽ ይቀዘቅዛል። ቀድማችሁ ደውላችሁ ድመት እንዳለች ንገሩ፣ ደብቆ ማስገባት ሌሊት ስትጮህ ይጋለጣል። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት አልጋው ስር እዩ፣ መስኮት ዝጉ፣ የተሰበረ ኮርኒስ ካለ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ምግቧን አሁን ትብላ።

ድሬ ስትደርሱ

ደስ ብሏችሁ ግቢ ውስጥ እንዳትለቋት። አንድ ክፍል፣ ሳፋው፣ ውሃ፣ ሳጥኑ በሩ ተከፍቶ፣ እናንተ ዕቃ አውርዱ። አልጋ ስር ሁለት ቀን ልትደበቅ ትችላለች፣ ትደበቅ፣ ጎትታችሁ አታውጧት። ከዛ ክፍል በክፍል እየከፈታችሁ፣ ወደ ውጪ ግን ቢያንስ ሁለት ሶስት ሳምንት የለም፣ መጀመሪያ ስትወጣም ከምግብ በፊት ርቧት እያለ ይሁን፣ እንድትመለስ። ሳጥኑን እንዳትጥሉት ወይ ለሰው እንዳትሰጡት፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ ጋቢውንም ቢሸት ለአንድ ወር አትጠቡት።