ፋውንዴሽኔ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ መርገፉን ያስቆምኩበት መንገድ

ለወራት ያበሳጨኝ ነገር ነው። ጠዋት ተኳኩዬ ልወጣ ስል ፋውንዴሽኑ (የፊቴን ቆዳ አንድ ዓይነት የሚያስመስለው ሜካፕ) ጉንጬና አገጬ ላይ እየተጠቀለለ ልክ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። የቆዳዬ ድርቀት መስሎኝ ክሬም ጨመርኩበት፤ ባሰበት።

ለካ ችግሩ አደራረቤ ላይ ነው። ከፋውንዴሽኑ በፊት የምቀባው ፕራይመሬ ሲሊኮን የበዛበት ነው (ማሸጊያው ላይ ዳይሜቲኮን የሚባለው የሲሊኮን ዓይነት ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ተጽፏል)፣ ፋውንዴሽኑ ግን ውሃ ይበዛበታል፣ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይያያዙም። በዚያ ላይ የፀሐይ መከላከያው ሳይደርቅ ነበር የምደርብበት።

አሁን ክሬሙን በጣም ስስ አድርጌ እቀባለሁ። የፀሐይ መከላከያውን ግን አልቀንስም፣ እሱ ሲያንስ ጥበቃውም ያንሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ፤ ቅንድቤን የምሠራው በዚህ መሃል ነው። ፕራይመር በዘወትር መቀባት ትቻለሁ፣ ለሥራ ረጅም ሰዓት እንዲቆይልኝ ስፈልግ ብቻ እንደ ፋውንዴሽኑ ውሃ የሚበዛበትን እጠቀማለሁ። ፋውንዴሽኑን በብሩሽ ማሸት አቁሜ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ መታ መታ አደርገዋለሁ። ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ይሄ ነው! ፓውደር ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ ብቻ፣ እሱም ትንሽ።

አዲስ ፋውንዴሽን ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሁሉ እጃችሁ ጀርባ ላይ ደርባችሁ ሞክሩት። የሚጠቀለል ከሆነ እዚያው ታዩታላችሁ።