በሙዚቃ ኒውስሌተር (ለአንባቢ በየጊዜው በሚላክ ጽሑፍ) እንጀራ ለመብላት፦ ከጅማ ለሚጀምሩ

ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ከአንባቢ በወር 10,000 ብር እንዲገባ ከፈለጋችሁና ዋጋው በወር 50 ብር ከሆነ፣ ሳያቋርጡ የሚከፍሉ 200 ሰዎች ያስፈልጓችኋል። በነፃ ከሚያነቡት ከመቶው ሦስቱ ቢከፍሉ (ለጀማሪ ይህም ትንሽ አይደለም) ወደ 6,700 ነፃ አንባቢ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው በሁለትና በሦስት ወር አይሰበሰብም። ስለዚህ የያዛችሁትን ሥራ አትልቀቁ፤ ጽሑፉ የቤት ኪራይ መቻል እስኪጀምር ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉ።

«ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እንጽፋለን» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት። አዲስ አልበም ሲወጣ አዲስ አበባ ያሉት የሬዲዮና የዩቲዩብ ሰዎች ቀድመዋችሁ ከድምፃዊው ጋር ቁጭ ብለው አውርተዋል፤ በፍጥነት አትችሏቸውም። ጅማ ያለ ጸሐፊ የሚበልጠው በሌላ ነው። በአፋን ኦሮሞ ዘፈን ሠርግ ላይ የሚጨፍር፣ ግጥሙ ምን እንደሚል ግን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ሞልቷል። በየሳምንቱ አንድ ዘፈን መርጦ ምን እንደሚል፣ ማን እንደገጠመው፣ ማን እንዳቀናበረው የሚያስረዳ ጽሑፍ ገዢ አያጣም። የመንዙማው ባህልም እዚሁ ደጃችሁ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ጅማ ነውና ይህም አንድ ጽሑፍ ያስጽፋል፤ አንድ ብቻ ግን፣ በየወሩ ከተመላለሳችሁበት ይሰለቻል። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ በቋንቋው አፉን ከፈታ ሰው ጋር ሥሩ፣ ገቢውንም ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ተካፈሉ። ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ትርጉም ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ሲደርስ ይደነቃቀፋል፣ ጅማ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚለይ ጆሮ ብዙ ነው።

ለአንድ ጽሑፍ ከ600 እስከ 800 ቃል ይበቃል። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስሙት፤ አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ግጥሙን እየጻፋችሁ፣ አንዴ ድምፃዊውን ትታችሁ መሣሪያዎቹን ብቻ። «ድንቅ ሥራ ነው» ከማለት «2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ማሲንቆው ሲገባ ቤዙ ዝም ይላል» ማለት ይሻላል፤ አንባቢው ዘፈኑን ከፍቶ ያረጋግጣል፣ ሲያገኘውም ያምናችኋል። ቅኝቱን ከጠራችሁ በትክክል ጥሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ዋናዎቹ ናቸው፤ ዛሬ የሚወጣው ዘፈን ሁሉ ግን ከአራቱ በአንዱ አይገባም፣ በግድ ብታስገቡት ኪቦርድ የሚጫወት አንባቢ በዚያው ቀን ያርማችኋል። የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች ስም ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ሥር ይገኛል። ከሌለ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ያም ካልሆነ ዝለሉት። በግምት የተጻፈ ስም ሁለት ባለሙያ ያጣላል፣ እናንተንም መሐል ያስገባል።

የዘፈኑን ፋይል ጽሑፉን በምታወጡበት የቴሌግራም ቻናል ላይ አትጫኑ፣ ሙሉ ግጥሙንም አትለጥፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥቅስን የሚፈቅደው ምንጩና የባለሥራው ስም ሲጠቀስና መጠኑ ከዓላማው ሳያልፍ ነው። ሁለት ሦስት ስንኝ ጠቅሳችሁ ወደ ድምፃዊው የራሱ ገጽ ሊንክ ስጡ። የመብት አቤቱታ ቀርቦ ቻናል ሲዘጋ ዘፈኑ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የሰበሰባችሁት አንባቢ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ነፃው ጽሑፍ በቴሌግራም ይሂድ፣ ሰው ያለው እዚያ ነውና። ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ከ1,024 ፊደል፣ ተራ መልእክት ደግሞ ከ4,096 እንደማያልፍ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ካልሆነ ጽሑፉ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ከጎኑ የኢሜይል ዝርዝር ያዙ፣ ቻናሉ አንድ ነገር ቢሆን አንባቢውን መልሳችሁ የምታገኙበት እሱ ነው። ከተራ ጂሜይል በቀን መላክ የሚቻለው ለ500 ሰው ነው። ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ደግሞ ጂሜይል ጫፉን ቆርጦ ይደብቀዋል፤ ጽሑፉ ራሱ ይህን ያህል አይከብድም፣ የሚያከብደው በዙሪያው የምትደረድሩት ጌጥ ነው።

ብዙዎች የሚወድቁት ገንዘብ አሰባሰቡ ላይ ነው። ሰብስታክ የተባለው የኒውስሌተር ድረ ገጽ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ በተባለ የክፍያ ድርጅት በኩል ሲሆን ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፤ በነፃ ለመጻፍ ይጠቅማል፣ ለመሸጥ ግን አይሆንም። ቀላሉ መንገድ ቴሌብር ወይም የንግድ ባንክ ሒሳብና ለከፋይ ብቻ የሚከፈት የተዘጋ የቴሌግራም ቻናል ነው። መግቢያ ሊንኩን «በአስተዳዳሪ ፈቃድ» በሚለው ላይ አድርጉት፣ አንዱ ከፍሎ ለአሥር ጓደኛ እንዳያካፍል። በስክሪንሾት ብቻ ማንንም አታስገቡ፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ከደረሰው መልእክት ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ ስም፣ ስልክ፣ የግብይት ቁጥር፣ የተከፈለበትና የሚያበቃበትን ቀን ኤክሴል ላይ መዝግቡ።

በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ከፋዩ ሳይጠላችሁ ይረሳችኋል። ስለዚህ ወርሃዊውን አታስተዋውቁ። የስድስት ወሩን 270፣ የዓመቱን 500 ብር አድርጋችሁ እሱን ከፊት አስቀምጡ፤ በጠቅላላው ትንሽ ታጣላችሁ፣ በየወሩ 200 ሰው ከማስታወስ ግን ትድናላችሁ። ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ለእያንዳንዱ በስሙ ጻፉለት። ካለፈ በሦስተኛው ቀን ያለ ወቀሳ አስወጡት፤ «ግድ የለም፣ ይቆይ» ካላችሁ የከፈለው ይሰማል። ውጭ አገር ላለ አንባቢ የስጦታ ምዝገባ ክፈቱ፣ ለእናት ለወንድሙ ብር ሲልክ የእናንተንም አብሮ ያስከፍላል።

ማስታወቂያ ከከፋይ አንባቢ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ሆቴሎች፣ ካፌዎች፣ ሳውንድ የሚያከራዩና መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ በአካል ሂዱ፣ በስልክ አይሆንም። አንድ ጊዜ የወጣ ማስታወቂያ ስለማይታወስ የአራት ሳምንት ብቻ ሽጡ። ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት ጀምሮ ከተማው ውስጥ ገንዘብ ይንቀሳቀሳልና በመስከረም ተነጋገሩ። በዐቢይ ጾም የሚወጣው ዘፈን ይቀንሳል፤ ለዚያ ጊዜ ስለ ድሮ ሥራዎች የተጻፉ ሦስት አራት ጽሑፎች አስቀምጡ፣ መብራት ወይም ኔትወርክ የጠፋ ሳምንትም ያወጧችኋል። ረመዳን ላይ የመንዙማውን ጽሑፍ አዘጋጁ።

ከድምፃዊ ገንዘብ ተቀብላችሁ ሥራውን አትገምግሙ። ሊከፍል ከመጣ የማስታወቂያ ቦታ ሽጡለትና ከላዩ «ማስታወቂያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ጅማ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አያድርም። ሆቴሎቹ ደረሰኝ ስለሚጠይቁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ንግድ ፈቃዱን ከመጀመሪያው ውል በፊት ጨርሱ፤ ደንበኛው ተስማምቶ እያለ ወረቀት ፍለጋ ሁለት ሳምንት ከጠፋችሁ፣ ስትመለሱ በጀቱን ለሌላ ሰጥቶት ታገኙታላችሁ።