እጅ መታጠብን በጥንድ ማስተማር

የውኃ ቧንቧ በሚያንስባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከምሳ በፊት በሚፈጠረው ግፊያ ትንንሾቹ ልጆች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ተራ የደረሳቸውም ጣታቸውን ብቻ አርጥበው ይሮጣሉ። መምህራን ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከተቻለም የአራተኛ ክፍሉን ከአንደኛ ክፍሉ አጣምረው፣ በየቤታቸው እንግዳ ሲታጠብ እንዳዩት አንዱ በጆግ እያፈሰሰ ሌላውን እንዲያስታጥብ፣ ከዚያም እንዲለዋወጡ ቢያደርጉ ይህ ችግር ይቃለላል። አስታጣቢው መጀመሪያ እጅ ለማርጠብ ያህል ብቻ ያፈስሳል፤ ጓደኛው መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ የጣቶቹን መካከልና ጥፍሮቹን በሳሙና እስኪያሽ ድረስ 20 ሰከንድ ያህል እየቆጠረ ይጠብቅና ያለቀልቅለታል። ጆጉን የያዘው ሌላው ልጅ ስለሆነ ታጣቢው ሊቸኩል አይችልም፤ ውኃም ይቆጠባል። የሚያፈስሰው ልጅ ደግሞ ሰውን በትዕግሥት መጠበቅንና መርዳትን በየቀኑ በእጁ ይለማመዳል፤ ስለ ደግነት ከሚሰጥ ረጅም ምክር ይልቅ ይህ ዘልቆ የሚቀር ይመስለኛል። መለዋወጡ ግን በፍጹም መቅረት የለበትም፤ ሁልጊዜ ትንሹ ለትልቁ ወይም ሴቷ ለወንዱ የምታፈስስ ከሆነ ልጆቹ የሚማሩት ሎሌነትን ነው። ሁሉም በአንድ ፎጣ የሚያደርቁ ከሆነም ልፋቱ ከንቱ ስለሚሆን እጃቸውን በነፋስ ቢያደርቁ ይሻላል።