አምፖሉ እምቢ ሲል ከየት እንጀምር?

አምፖል አልበራ ሲል ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ሱቅ ይሮጣል። አዲሱም እምቢ ይላል፣ ብሩ ግን ወጥቷል። እባካችሁ መጀመሪያ ጨለማው እስከ የት እንደደረሰ እዩ። ግማሹ መልስ እዚያ ነው ያለው።

ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ መብራት ሄዷል፣ መጠበቅ ነው። ጎረቤት በርቶ እናንተ ቤት ብቻ ከጠፋ ወደ ቆጣሪው ሂዱ። የካርድ ከሆነ ሒሳቡ አልቆ ይሆናል፤ ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ አዘዞ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ቤት አለ፣ ስለዚህ ካርዱን የሚያስሞላው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሶኬቱ እየሠራ መብራቶቹ ብቻ ከጠፉ ደግሞ የመብራቱ ብሬከር፣ ማለትም ችግር ሲኖር ራሱ ወርዶ መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ 10 አምፔር የተጻፈበት እሱ ነው፣ የሶኬቱ 16 ነው።

ብሬከር አንዳንዴ መሃል ላይ ይቆማል። እስከ መጨረሻው ወደ ታች አውርዱትና ወደ ላይ መልሱት። ወዲያው ከወረደ አትታገሉት፣ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሁሉንም ማብሪያ አጥፉ፣ ብሬከሩን መልሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አብሩ። የትኛው ሲበራ ከወረደ ችግሩ እዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ጠፍቶም ከወረደ ግን ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ውስጥ ያለው ገመድ ሳይሆን አይቀርም፣ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ የጎንደር ዝናብ ሲበረታ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ከሆነ እርጥብ ግድግዳውንና የበረንዳውን መብራት ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ፊውዝ ያለበት የድሮ ቤት የምትኖሩ ደግሞ በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ እንዳትጠመጥሙ። ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው።

የጠፋው አንድ መብራት ብቻ ከሆነ ከሌላ ክፍል የሚሠራ አምፖል አምጥታችሁ ሞክሩ። ከበራ አለቀ፣ የድሮው ሞቷል። ካልበራ መያዣውን ማየት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፣ ብሬከሩን አውርዱ። ፌዙ (የሚነዝረው ሽቦ) ቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዶ ማጥፊያው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ብቻ የሚቆርጥበት ቤት ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ይነዝራል። ኤልኢዲ አምፖል ማታ ከጠፋ በኋላ በስሱ የሚያበራ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቴስተራችሁን (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ የሚበራውን መሞከሪያ) መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ እዚያ ከበራ ነው መያዣው ላይ ሲጠፋ የምታምኑት።

አሁን መያዣው ውስጥ እዩ። የሚጠመዘዘው ዓይነት ከሆነ መሃሉ ላይ ያለችው ምላስ ተጨፍልቃ አምፖሉን አትነካው ይሆናል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ቀና አድርጓት። ባለ ሁለት ጥርሱ ከሆነ ሁለቱን ፒኖች በየተራ ጫኑ፣ ተመልሰው ብቅ ካላሉ ስፕሪንጉ ሞቷል። ፕላስቲኩ ከጠቆረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው አትጠግኑት፣ ቀይሩት። ደህና ከሆነ ሽቦው ከብሎኑ ላልቶ እንደሆነ እዩና አጥብቁ። የማብሪያ ማጥፊያውንም ከፍታችሁ እንደዚሁ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የላላ ሽቦ ነው ያለው።

የጠረጴዛ መብራት ቀላል ነው። ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት፣ አምፖሉን ቀይሩ፣ ከዚያ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ገመዱን መሰኪያው አጠገብ በጣት ዳብሱት። ብዙ የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ የሚበጠሰውም እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን በራሳችሁ አትሞክሩ። አንዱ ክፍል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ወይም ቤቱ ሁሉ እየደመቀ እየደበዘዘ ካስቸገረ፣ የዋናው መስመር ኒውትራል ላልቶ ወይም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከ220 ቮልት በጣም የበለጠ ኃይል ወደ ዕቃችሁ ሊገባ ይችላል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፣ ወደ መብራት ኃይል በ905 ደውሉ። ምሰሶውንና ቆጣሪውን የሚነኩት እነሱ ብቻ ናቸው።