ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት፦ በሰው አገር ለሚበዘበዙ የግንባታ ሠራተኞች እንዴት እንሟገት

ሪያድ ካለ የሠራተኞች ካምፕ ቪዲዮ ደረሳችሁ እንበል። አንድ ክፍል ውስጥ 12 ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ቱታ፣ አራት ወር ያልተከፈለ ደመወዝ። ደም ያፈላል። እጃችሁ ወዲያው ወደ ቲክቶክ ይሄዳል። ቆይ! ስልኩን አስቀምጡት።

እኔ አንዴ እንዲህ ዓይነቱን ሳላስብ አጋርቼዋለሁ። ከኋላ የቆመው አውቶቡስ ታርጋ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። በማግስቱ ቪዲዮውን የላከልኝ ልጅ "እባክህ አጥፋው" ብሎ ጻፈልኝ። አጠፋሁት፣ ግን እስከዚያ ሌሎች ወስደው ለጥፈውታል።

ኬንያዊውን ማልኮም ቢዳሊን አስታውሱ። ኳታር ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ "ኖዋ" በሚል የብዕር ስም ስለ ሠራተኞች ኑሮ ይጽፍ ነበር። በ2021 ተያዘ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ አንድ ወር ገደማ ለብቻው ታሰረ፣ በኋላም 25 ሺህ ሪያል ተቀጣ። እሱ ያደረገው መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚለቀቀውንና የማይለቀቀውን የሚወስነው ሠራተኛው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። አንዴ "እሺ" ስላለ አይበቃም፤ ከመለቀቁ በፊት ባለው ቀን ደግማችሁ ጠይቁት። ሐሳቡን ከቀየረ፣ አለቀ።

"ሥራ አቁሙ" እያላችሁ ከሩቅ አትምከሩ። ሳዑዲ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበርም አድማም በሕግ የተከለከለ ነው። አሠሪው "ጠፍቷል" ብሎ ሁሩብ ካስመዘገበበት ደግሞ ከሳሽ የነበረው ሰው ራሱ ተፈላጊ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማስረጃ። እዚህ የፈረመው ውልና እዚያ ሲደርስ ያስፈረሙት ውል (ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም)፣ የኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ፊትና ጀርባ፣ ከባንክ የሚመጣው የደመወዝ መልእክት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት። ለደላላ የከፈለበት ደረሰኝ ካለ ጥሩ። ከሌለ፣ መቼም ደላላ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ማን እያየ እንደሰጠ በራሱ ድምፅ ይቅዳው። ሁሉም ከእሱ ስልክ ውጪ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ስልክ ይቀማላ። ስለ ሙቀት ከሆነ ጉዳዩ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። ሳዑዲ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ትከለክላለች። ቀንና ሰዓቱ ያለበት አንድ ፎቶ ከአሥር ገጽ ሮሮ ይበልጣል።

ሁሌ የሚረሳ ነገር አለ፦ የሳይቱ በር ላይ ያለው ታፔላ። እሱ ላይ ብዙ ጊዜ የፕሮጀክቱ ባለቤት፣ ዋናው ተቋራጭና አማካሪው ተጽፈው ይገኛሉ። ልጁን የቀጠረው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ከታች ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ያለ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ይሄ ትንሹ ኩባንያ ስለ እናንተ ጩኸት ደንታ የለውም፣ ሲብስበት ስሙን ቀይሮ ይከፈታል። ላይ ያለው ግን አክሲዮን የሚሸጥ፣ አውሮፓ ውስጥ ጨረታ የሚወዳደር፣ ስሙ እንዲጎድፍ የማይፈልግ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ዘመቻችሁ እዚያ ላይ ይውደቅ። መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሁለት ሳምንት ስጡ፣ ቀኑን መዝግቡ። ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ሸርፓ የተባለው ድርጅት በ2015 ያደረገውን ተመልከቱ፤ አንድ ትልቅ የፈረንሳይ ተቋራጭ ኳታር ውስጥ ሠራተኞችን ስላስተናገደበት መንገድ አቤቱታውን ያቀረበው እዚያው ፈረንሳይ ነው።

ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን። "ባርነት ይቁም" መፈክር ነው፣ ማንም "እኔም እቃወማለሁ" ብሎ ያልፈዋል። በ2022 የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ፊፋን የጠየቁት 440 ሚሊዮን ዶላር ለተጎዱ ሠራተኞች እንዲመድብ ነበር። ለምን 440? የዚያ ዓመት የኳታር ዓለም ዋንጫ የሽልማት ገንዘብ ልክ ስለሆነ። ለተጫዋች ያላችሁትን ያህል ለሠራተኛው፣ በቃ። ፊፋ አልከፈለም፤ በ2024 ያሳወቀው የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድም ለሠራተኞቹ ካሳ አይደለም። ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚነሳው ማንም ሰው በአንድ ትንፋሽ ሊናገረው ስለሚችል ነው።

ቁጥር ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ዘ ጋርዲያን በ2021 ያወጣውን 6,500 ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ግን ኳታር ዓለም ዋንጫውን ካገኘችበት ጊዜ ጀምሮ በማናቸውም ምክንያት፣ በማናቸውም ሥራ ላይ እያሉ የሞቱ የአምስት የደቡብ እስያ አገሮች ዜጎች ቁጥር ነው። ሰው አሳጥሮ "ስታዲየም ሲገነቡ የሞቱ" አደረገው። የዓለም ዋንጫው አዘጋጆችም ይህቺን ስህተት ይዘው ዋናውን ነገር ሸሹ። ዋናው ነገር ምንድነው? ጤነኛ የነበረ ወጣት ሞቶ ወረቀቱ ላይ "ተፈጥሯዊ ሞት" ተብሎ፣ አስከሬኑ ሳይመረመር መሸኘቱ። "ሞቱ ይመርመር" ማለት ከየትኛውም ትልቅ ቁጥር የበለጠ ያስጨንቃቸው ነበር።

ብቻችሁን አትሩጡ። በ2014 ኳታር ላይ ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) አቤቱታ ቀረበ፣ እስከ 2017 ድረስ ተንከባለለ፣ አሰልቺ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ቻለ፣ ከ2021 ጀምሮም ዝቅተኛ ደመወዝ 1,000 ሪያል ሆነ። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ቅሬታ አለ፣ ሕጉ ግን ተቀይሯል። ለ2034ቱ ዓለም ዋንጫ የተመረጠችው ሳዑዲ ላይም በ2024 ዓለም አቀፉ የግንባታና የእንጨት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ደመወዛቸው የቀረባቸውን 21 ሺህ ሠራተኞች ጉዳይ ይዞ አይኤልኦ ሄዷል። አዲስ አበባ ላላችሁ በር የምታንኳኩት የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን (ኢሠማኮን) ነው።

የእኛ ልጆች ጉዳይ ግን አንድ የሚለይ ነገር አለው። የኔፓሉ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ውል አለው። ከወሎ፣ ከአርሲ ወይም ከትግራይ ተነስቶ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ የገባው፣ በቀን ሒሳብ ሲሚንቶ የሚሸከመው ልጅ ውልም ኢቃማም የለውም። ፍርድ ቤት ሂድ ብትሉት መንገዱ ወደ ማቆያ ነው። ለእሱ ስም ጠርቶ መካሰስ አይሆንም፤ የሚጠየቀው "ሰነድ ባይኖረውም የሠራበት ይከፈለው፣ ሳይከፈለው አይባረር" የሚል ነው፣ የሚጠየቁትም ሁለቱ መንግሥታት ናቸው። ይሄኛው ረጅም ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም።

ኩባንያው "ጉዳዩን እያጣራን ነው" ብሎ ሲመልስ ብዙዎች አሸነፍን ብለው ይበተናሉ። እንዳትበተኑ። ዘመቻውን የምትዘጉት ልጁ የባንኩን መልእክት ስክሪንሾት አድርጎ ሲልክላችሁ ነው። ያኔ "ቪዲዮውን አውርዱልኝ" ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አውርዱለት።