የናዚ ሹማምንት ልጆች ከጦርነቱ በኋላ፦ ለታሪክ ክበብ የግድግዳ ሠሌዳ አሠራር

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ለአንድ ክፍል 1 ሜትር ከ20 ነጭ ወረቀት ይበቃል። ለአንድ ዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ስጡና ከ1925 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. አስምሩ፤ 95 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት 1945 ላይ ቀይ መስመር።

ከዚያ ለየሰዉ አንድ ጭረት። የኤስኤስ (የናዚ ታጣቂ ድርጅት) አለቃ የነበረው የሂምለር ልጅ ጉድሩን የተወለደችው በ1929 ነው፤ ከቀዩ በፊት ያላት 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከቀዩ በኋላ ግን እስከ 2018 ድረስ 73። ያን ሁሉ ዘመን ለአባቷ ስትከራከር ኖረች። የሂትለር ጸሐፊ የነበረው የቦርማን የበኩር ልጅ ማርቲን በ1930 ተወልዶ የካቶሊክ ቄስ ሆነ፣ ኮንጎም በሚስዮናዊነት አገለገለ። በተያዘችው ፖላንድ የናዚ ገዥ የነበረው የሃንስ ፍራንክ ልጅ ኒክላስ አባቱ ሲሰቀል ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ ካደገ በኋላ አባቱን በአደባባይ አወገዘ። ሦስቱን አቀራርባችሁ አስምሩ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እንደዚያ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። «1945» ብቻ ከተጻፈ ተማሪው የጃንሆይን ዘመን ያስባል። ከእ.ኤ.አ. ወደ ዓ.ም. ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ቀንሱ፤ ፍራንክ የተሰቀለው ጥቅምት 6 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው።

ወሬው ወደ ጣሊያን ዘመን መዞሩ አይቀርም። «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስድብ ለውይይት ይነሣ፤ የማንም ተማሪ አያት ግን በስም አይጠራ። በመንዝና በአንኮበር የዘር ሐረግ ሁሉም ያውቃል።