ወለድን በኩንታል መቁጠር፦ ለጎጃም በቆሎ ነጋዴ

ባንክ ወለድን በዓመት ይነግርዎታል፤ በቆሎ ግን የሚገዛው በኩንታል፣ መጋዘን የሚከርመውም በወር ነው። ከመበደርዎ በፊት ወለዱን ወደዚያ ይመንዝሩት። ለስሌት ያህል ኩንታሉ ቡሬ ላይ 4,000 ብር፣ ወለዱ 18 ከመቶ ይሁን። በወር 1.5 ከመቶ ማለት ነው፤ በኩንታል 60 ብር። ጥር ገዝተው ሐምሌ ቢሸጡ 360 ብር ወለድ በልቶታል።

ርጥበቱን አይርሱ። በ16 ከመቶ ርጥበት የገባ በቆሎ ደርቆ 13 ሲደርስ ከመቶ ኪሎው 3.5 ኪሎ ያህል ይጎድላል። ያወጡትን 4,360 ብር የሚመልሰው እንግዲህ 96.5 ኪሎ ነው፤ ሐምሌ ላይ ኩንታሉ ወደ 4,520 ብር ካልደረሰ ኪሳራ ነው። ነቀዝ፣ የመጋዘን ኪራይና ጫኝ ገና አልተቆጠሩም።

አሁን ውሉን ያንብቡ። «ባንኩ የወለድ መጣኔውን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል አንቀጽ ካለ ወለዱ ተንሳፋፊ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የፖሊሲ ወለድ መጣኔውን (ለባንኮች ወለድ መነሻ ምልክት የሚሆነውን) 15 ከመቶ አድርጎ ሥራ ላይ አውሏል፤ እሱ ሲነቃነቅ የገንዘብ ዋጋም አብሮ ይነቃነቃል። 18ቱ 21 ቢሆን በስድስት ወር ጭማሪው በኩንታል 60 ብር ነው። ሽያጭ ሁለት ወር ቢዘገይ ግን 120 ብር! ነጋዴውን አብዝቶ የሚጎዳው ከወለዱ መናር ይልቅ የቀኑ መርዘም ነው።

የብድሩም ዓይነት ከዚሁ ይመረጣል። ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ባንኩ እስከ ፈቀደው ጣሪያ ድረስ ከሒሳብዎ እያወጡ የሚመልሱት ብድር፣ ወለድ የሚቆጥረው ባወጡት ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፦ ከ2 ሚሊዮን ጣሪያ 1.2 ሚሊዮኑን 90 ቀን ቢጠቀሙ 53,260 ብር። ሁለቱን ሚሊዮን በአንዴ ወስደው የተረፈውን ሒሳብዎ ውስጥ ቢያስተኙት 88,767 ብር ይከፍላሉ። ለመጋዘን ግንባታ ወይም ለመኪና ግን የጊዜ ገደብ ብድር (በአንዴ ወስደው በተወሰነ ዘመን ከፍለው የሚጨርሱት) ይሻላል፤ ክፍያው ከመከር ሽያጭ ጋር እንዲገጥም የእፎይታ ጊዜ (ክፍያ ሳይጀመር የሚቆዩበት) ይጠይቁ። የኦቨርድራፍት እድሳት ጥያቄ ጊዜው ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ይግባ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች የብድር ዕድገት በ14 ከመቶ ሲገደብ እንደታየው፣ ደህና ተበዳሪም ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ዱቤ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ያለ ገዥ «በእጅ 4,600፣ በ45 ቀን 4,750» ቢልዎ 150 ብሩ ያጓጓል። በ18 ከመቶ የ45 ቀኑ ወለድ 102 ብር ስለሆነ 48 ብር ይተርፍዎታል። ክፍያው ወደ 67 ቀን ቢሳብ ትርፉ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ገዥውን በነፃ እያበደሩት ነው። ስለዚህ ለዘገየበት ቀን የሚከፈለውን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ የደላላ ቃል አያስከፍልም። ዱቤውን በአራጣ ሸፍነው ለመጠበቅ ግን አይሞክሩ፦ በወር 5 ከመቶ እንኳ ቢሆን በኩንታል 230 ብር ነው፣ በዚያ ላይ ወንጀል ነው።

መንገድንም ይቁጠሩ። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ፣ በ4,000 ብር የግዢ ዋጋ 1.6 ሚሊዮን ብር ተሸክሟል፤ ወለዱ በቀን 789 ብር። ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶ አሥር ቀን ቢቆም 7,890 ብር፣ በኩንታል ወደ 20 ብር ነው። ለገዥው ዋጋ ሲሰጡ ይህችን 20 ብር አስቀድመው ይደምሯት።